በአነስተኛ ወጪ ጥራት ያለው ፎቶግራፍ በቤት ውስጥ ማተም

በስልክ ወይም በዲጂታል ካሜራ የተነሳን ፎቶግራፍ በቤት ውስጥ ማተም ማለት በፋይል መልክ የተቀመጠን ምስል በአነስተኛ ፕሪንተር አማካኝነት ለፎቶግራፍ በተዘጋጀ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ፎቶግራፍ የሚነሳው በአብዛኛው ፎቶ ቤት በመሄድ ወይም ለሠርግ፣ ለክርስትናና ለምርቃት ፎቶ አንሺ በመጥራት ስለነበር፣ የተነሳው ምስል ታትሞ በአልበም ይቀመጥ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ምስል በስልኩ ሊያነሳ ይችላል፤ በወረቀት ላይ የሚሰፍረው ግን እጅግ ጥቂቱ ነው። ስልኩ በጠፋ ወይም ውሃ በገባበት ዕለት ምስሉም አብሮ ይሄዳል። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚረዳው ሐዘን ሲደርስበት ነው። ለሟች መታሰቢያ የሚሆን ፎቶግራፍ ሲፈለግ፣ የሚገኘው ከሠርግ ምስል ላይ ከብዙ ሰው መካከል ተቆርጦ የወጣና ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የደበዘዘ ይሆናል።

በቤት ማተም ውድ ነው ሲባል ይሰማል። አባባሉ በከፊል እውነት ነው፤ ነገር ግን ወጪው በዋናነት የሚከማቸው ማሽኑ ሲገዛ ሳይሆን ተበላሽቶ በሚጣለው ወረቀትና ቀለም ላይ ነው። የኅትመቱ ጥራትም ሆነ ዋጋው የሚወሰነው የማተም ትዕዛዝ ከመሰጠቱ በፊት በሚደረጉ ጥቂት ውሳኔዎች ነው።

የምስሉ ፋይል

ዲጂታል ፎቶግራፍ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተገነባ ነው። በእጅ ተይዞ የሚታይ ጥሩ ኅትመት በእያንዳንዱ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ፣ 300 ያህል ፒክስል እንዲኖረው ይፈለጋል። 200 ፒክስልም ቢሆን ለአብዛኛው ተመልካች ዓይን ተቀባይነት አለው፤ ከ150 በታች ሲወርድ ግን የዓይን ሽፋሽፍትና የፀጉር ዝርዝር መደብዘዝ ይጀምራል። በዚህ ስሌት መሠረት በተለምዶ የሚታተመው 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶግራፍ 1200 በ1800 ገደማ፣ ኤ4 ወረቀትን የሚሞላው ደግሞ 2480 በ3508 ፒክስል ያስፈልገዋል። 12 ሜጋ ፒክስል ያለው የስልክ ካሜራ 4000 በ3000 ፒክስል ገደማ ያለው ምስል ስለሚያነሳ ለኤ4 በቂ ነው። ስለሆነም ለቤት ኅትመት ሲባል አዲስ ካሜራ መግዛት አያስፈልግም።

ችግሩ የሚፈጠረው ምስሉ በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ነው። ቴሌግራም ፎቶግራፍን በተለመደው መንገድ ሲልክ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያሳንሰዋል። እንዲህ ያለው ምስል በ10 በ15 ሲታተም በአንድ ኢንች ከ200 በላይ ፒክስል ስለሚደርሰው ያስኬዳል፤ በኤ4 ሲታተም ግን ወደ 110 ይወርዳል፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሩቅ ካልታየ በቀር ጉድለቱ አይሸሸግም። ያው ምስል በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ከተላከ መጠኑ አይነካም። ከማኅበራዊ ትስስር ገጽ ላይ በስክሪንሹት የተወሰደ ምስል ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ የሚይዘው የስልኩ መስታወት የሚያሳየውን ያህል ብቻ ነውና። በመሆኑም ለኅትመት የተመረጠ ፎቶግራፍ ሲኖር ዋናውን ፋይል ካነሳው ሰው መጠየቅ፣ በኬብል፣ በፍላሽ ወይም በፋይል መልክ መቀበል የመጀመሪያው ሥራ ነው። ይህ ምንም ወጪ የለበትም፤ የሚያስገኘው የጥራት ልዩነት ግን ውድ ፕሪንተር ከሚያስገኘው ይበልጣል።

ትንሽ ምስልን የሚያጎሉ ፕሮግራሞች በስፋት በመታየት ላይ ናቸው። ለመልክዓ ምድር ወይም ለሕንፃ ምስል ሊጠቅሙ ይችላሉ። ለሰው ፊት ሲውሉ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ የጠፋውን ዝርዝር አይመልስም፣ ከሌሎች ፊቶች በተማረው ላይ ተመሥርቶ አዲስ ይፈጥራል እንጂ። ውጤቱ የጠራ ሆኖ ሰውየውን የማይመስል ፊት ሊሆን ይችላል። ለመታሰቢያ የሚሆን ፎቶግራፍ ከሆነ አነስ አድርጎ፣ ለምሳሌ በ9 በ13 ሴንቲ ሜትር፣ ዋናውን ምስል ማተም ይመረጣል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የቅርጽ ልዩነት ነው። የስልክ ምስል በአብዛኛው 4 ለ3 በሆነ ምጥጥን የሚነሳ ሲሆን፣ የ10 በ15 ወረቀት ምጥጥን ግን 3 ለ2 ነው። ምስሉ 15 ሴንቲ ሜትር እንዲረዝም ሲደረግ ወርዱ 11.25 ይሆናል፤ ስለዚህ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከላይና ከታች ወይም ከጎን ይቆረጣል። በቡድን ፎቶግራፍ ላይ ጠርዝ ላይ የቆመ ዘመድ ትከሻው ወይም ፊቱ የሚጎድለው በዚህ ምክንያት ነው። የሚቆረጠውን ማሽኑ እንዲወስን ከመተው ይልቅ አስቀድሞ በስልኩ ማረሚያ 3 ለ2 መርጦ መቁረጥ፣ ወይም ነጭ ጠርዝ ትቶ ሙሉውን ምስል ማተም ይቻላል።

የፕሪንተር ምርጫ

ለቤት የሚሆኑ ፕሪንተሮች በሦስት ይከፈላሉ። ሌዘር ፕሪንተር የደረቀ የዱቄት ቀለምን በሙቀት ወረቀት ላይ የሚያጣብቅ ሲሆን ለጽሑፍ እንጂ ለፎቶግራፍ አይመከርም። ከሁሉ በላይ ለኢንክጄት የተዘጋጀ አንጸባራቂ የፎቶ ወረቀት በሌዘር ፕሪንተር ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ የወረቀቱ ሽፋን በሙቀቱ ቀልጦ ማሽኑን ያበላሻልና።

ሁለተኛው ፈሳሽ ቀለምን በጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚረጨው ኢንክጄት ነው። በቤት ውስጥ ለሚደረግ የፎቶግራፍ ኅትመት በስፋት የሚያገለግለው ይህ ነው። አነስተኛ ካርትሪጅ የሚጠቀሙት ሲገዙ ርካሽ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ካርትሪጅ ብዙ ጊዜ ከ10 ሚሊ ሊትር ያነሰ ቀለም ስለሚይዝ ፎቶግራፍ ማተም ሲጀመር ቶሎ ያልቃል። ከጠርሙስ በሚገለበጥ ቀለም የሚሠሩት ባለ ታንከር ፕሪንተሮች ሲገዙ ይወደዳሉ፤ አንዱ የቀለም ጠርሙስ ግን 65 ወይም 70 ሚሊ ሊትር ሊይዝ ስለሚችል የአንድ ፎቶግራፍ የቀለም ወጪ በእጅጉ ይቀንሳል። አዘውትሮ ለሚያትም ቤተሰብ፣ ወይም ለጎረቤትና ለዘመድ በማተም ጥቂት ገቢ ለማግኘት ለሚያስብ ሰው፣ ይህኛው ያዋጣል። አብዛኛዎቹ አራት ቀለም፣ ማለትም ጥቁር፣ ቢጫ፣ ሳያንና ማጀንታ፣ የሚጠቀሙ ሲሆን ለፎቶግራፍ ተብለው የሚሠሩት ፈዘዝ ያለ ሳያንና ፈዘዝ ያለ ማጀንታ ይጨምራሉ። የእነዚህ የሁለቱ ጥቅም በተለይ በፊት ቆዳና በሰማይ ላይ የሚታዩ ነጠብጣቦችን ማለስለስ ነው። ይሁንና ባለ አራት ቀለሙ በተገቢው ወረቀት ላይ በከፍተኛ ጥራት ሲያትም ልዩነቱን የሚያስተውለው ጎን ለጎን ያየ ሰው ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ቀለምን ከሪባን ላይ በሙቀት ወደ ወረቀት የሚያስተላልፍ፣ በእጅ የሚያዝ ያህል የሚያንስ ማሽን ነው፤ የካኖን ኩባንያ ሴልፊ ከእነዚህ አንዱ ነው። ወረቀቱ አራት ጊዜ ተመላልሶ ቢጫ፣ ማጀንታ፣ ሳያንና በመጨረሻም መከላከያ ሽፋን ይለብሳል። ሪባንና ወረቀት በቁጥር ተመጣጥነው በአንድ እሽግ ስለሚሸጡ የአንዱ ፎቶግራፍ ዋጋ አስቀድሞ ይታወቃል፤ የሚደርቅ ቀለም ስለሌለውም በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ለሚያትም ቤት ተስማሚ ነው። ጉድለቱ ከፖስት ካርድ መጠን የሚበልጥ አለማተሙና እሽጉ በአቅራቢያ የማይገኝ ከሆነ ማሽኑ ሥራ ፈት ሆኖ መቅረቱ ነው። የትኛውም ማሽን ቢሆን፣ ቀለሙና ወረቀቱ በሚኖሩበት ከተማ በቋሚነት መሸጡ ሳይረጋገጥ መግዛት አይገባም።

ወረቀት

በተራ የጽሕፈት ወረቀት ላይ የታተመ ፎቶግራፍ፣ ማሽኑ የቱንም ያህል ቢወደድ፣ የፈዘዘና የተጨማደደ ይሆናል፤ ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ክር ሰርጎ ይበተናልና። የፎቶ ወረቀት ቀለሙን በገጹ ላይ የሚይዝ ሽፋን አለው። ክብደቱ በካሬ ሜትር በግራም የሚለካ ሲሆን 200 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነው በእጅ ሲያዝ የፎቶግራፍ ስሜት ይሰጣል። ክብደት ብቻውን ግን የጥራት ማረጋገጫ አይደለም። በዝቅተኛ ዋጋ ከሚሸጡት አንጸባራቂ ወረቀቶች አንዳንዶቹ በካርቶን ላይ የተቀባ ስስ ሽፋን ብቻ ያላቸው ሲሆኑ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ መሠረት ካላቸው ይልቅ ቀለማቸው ፈጥኖ ይወይባል። የዕለት ተዕለት ምስልን በርካሹ፣ ለብዙ ዓመት እንዲቆይ የሚፈለገውን በተሻለው ማተም ገንዘብን በቦታው ማዋል ነው።

አንጸባራቂ ወረቀት ቀለምን ያደምቃል፤ የጣት አሻራና የመስኮት ብርሃንም በላዩ ይታያል። ከፊል አንጸባራቂው ለአልበምና በየእጁ ለሚዞር ፎቶግራፍ ይመቻል። ማት የሚባለው የማያንጸባርቅ ወረቀት በመስታወት ክፈፍ ለሚሰቀል ጥሩ ነው፤ ጥቁሩ ግን ትንሽ ግራጫ ይመስላል። የሚታተመው የትኛው ገጽ እንደሆነ ሲያጠራጥር ጥግ ላይ በትንሹ በረጠበ ጣት መንካት በቂ ነው፤ ሽፋን ያለው ገጽ ጣትን ያዝ ያደርጋል።

ማስተካከያዎችና ሙከራ

ከሁሉ የሚበልጠው ማስተካከያ የወረቀቱን ዓይነት ለፕሪንተሩ መንገር ነው። ማሽኑ ምን ያህል ቀለም መርጨት እንዳለበት የሚወስነው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው። አንጸባራቂ የፎቶ ወረቀት ገብቶ ምርጫው ተራ ወረቀት እንደሆነ ከቀረ፣ ምስሉ ይሻክራል ወይም ቀለሙ ሳይደርቅ ይፈሳል። ብዙ ሰው ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ጥገና የሚወስደው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ከስልክ በቀጥታ ሲታተም የስልኩ የራሱ የማተሚያ ትዕዛዝ ይህን ምርጫ ሊደብቀው ስለሚችል፣ የፕሪንተሩ አምራች ያዘጋጀውን መተግበሪያ መጠቀም ይሻላል። ጥራቱም ከፍተኛ ላይ መደረግ ይኖርበታል። ጠርዝ አልባ ኅትመት ከወረቀቱ ውጭ የሚረጭ ቀለም ስለሚያባክን ለሁሉም ምስል መዋል የለበትም።

የስልክ መስታወት ከውስጥ ብርሃን ያመነጫል፤ ወረቀት ግን የሚታየው ከላይ በሚያርፍበት ብርሃን ብቻ ነው። ለዚህ ነው በስልክ ያማረው ምስል ታትሞ ሲወጣ የሚጨልመው። ጠይምና ጥቁር የፊት ቆዳ ባለበት ምስል ላይ ጨለማው ጎልቶ ይታያል፤ የዓይንና የጉንጭ ዝርዝር በጥላ ይዋጣል። መፍትሔው የስልኩን መስታወት ብርሃን ቀንሶ ማየትና የምስሉን የጥላ ክፍል በማረሚያው ጥቂት ከፍ ማድረግ ነው። ፕሪንተሩ በራሱ ምስልን እንዲያሻሽል የሚያዘው ምርጫ ግን ቢጠፋ ይመረጣል፤ ፊትን ያለ ልክ አንጥቶ የሰውን መልክ ሊለውጥ ይችላል። የቀለም መለኪያ የማን ቆዳ ነው የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። በፊልም ዘመን የኮዳክ ኩባንያ ለማጠቢያ ቤቶች ያቀርባቸው በነበሩ የቀለም መመዘኛ ካርዶች ላይ ለብዙ ዓመታት የነበረው የነጭ ሴት ምስል ነበር፤ በዚህም የተነሳ የጥቁር ሰዎች ፊት ዝርዝሩ ጠፍቶ ይታተም ነበር።

የነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ምስል ተቃራኒውን ችግር ያመጣል። ፕሪንተር ነጭ ቀለም የለውም፤ ነጭ ሆኖ የሚታየው ያልታተመበት ወረቀት ነው። በፀሐይ የተነሳ ነጠላ ከመጠን በላይ ከነጣ የሽመናው መስመር ከፋይሉ ውስጥ ራሱ ስለሚጠፋ፣ ኅትመቱ ላይ ጥለቱ ብቻ ቀርቶ ልብሱ ባዶ ወረቀት ይሆናል። ይህ ከታተመ በኋላ አይታረምም፤ ሲነሳ በጥላ ሥር መሆን ወይም በስልኩ መስታወት ላይ ነጩን ልብስ ነክቶ ብርሃኑን መቀነስ ይገባል።

አንድን ምስል በትልቁ ከማተም በፊት በአንድ የ10 በ15 ወረቀት ላይ አራት አነስተኛ ቅጂዎችን፣ አንዱን እንዳለ፣ ሌሎቹን በየደረጃው ብርሃናቸውን ከፍ አድርጎ፣ አብሮ ማተም ጥሩ ዘዴ ነው። ጥቂት ደቂቃ እንዲደርቅ ተትቶ በቀን ብርሃን በመስኮት አጠገብ ሲታይ የሚስማማው ይለያል። በአምፖል ብርሃን የተመረጠ ቀለም ጠዋት ሲታይ ሌላ ይመስላል። የተመረጠውን መጠን በማስታወሻ መያዝ በዚያው ወረቀት ለሚታተሙ ቀጣይ ምስሎች ሁሉ ያገለግላል።

የወጪ ስሌት

የአንድ ፎቶግራፍ ዋጋ የሚገኘው የወረቀቱን እሽግ ዋጋ ለወረቀቱ ብዛት፣ የቀለሙን ዋጋ በቀለሙ ለሚታተመው የፎቶግራፍ ብዛት በማካፈልና ሁለቱን በመደመር ነው። አምራቾች በካርቶን ላይ የሚጽፉት የገጽ ብዛት ጥቂት ቀለም ላለው ገጽ የተሰላ ስለሆነ ለፎቶግራፍ አይሠራም። ለስሌት ማሳያ ብቻ፣ ወረቀቱ 15 ብር፣ ቀለሙ 6 ብር ቢሆን አንዱ ፎቶግራፍ 21 ብር ይወጣበታል። አንድ የሚያጠግብ ምስል ለማግኘት ሦስት ወረቀት ከተበላሸ ግን የዚያው ፎቶግራፍ ዋጋ፣ የተሳካውን ጨምሮ፣ 84 ብር ይሆናል። የማሽኑም ዋጋ መካፈል አለበት፦ በ20,000 ብር የተገዛ ማሽን በአገልግሎት ዘመኑ 400 ፎቶግራፍ ብቻ ካተመ በእያንዳንዱ ላይ 50 ብር ይጨምራል፤ 4,000 ካተመ ግን 5 ብር ብቻ ነው። ይህ ድምር በአካባቢው ፎቶ ቤት ከሚጠየቀው ጋር ሲነጻጸር ለብዙ ቤተሰብ መልሱ ማሽን አለመግዛት ሊሆን ይችላል። ይህም እንደ ሽንፈት መታየት የለበትም።

ጉርድ ፎቶግራፍ አዘውትሮ ለሚያስፈልጋቸው፣ ልጆች ለሚያስመዘግቡና ለሥራ ለሚያመለክቱ ቤተሰቦች ስሌቱ ይለያል። በአንድ የ10 በ15 ወረቀት ላይ 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ስምንት ጉርዶች ለመቁረጫ ቦታ ተርፎ ይገባሉ። ተቀባዩ መሥሪያ ቤት የሚፈልገውን መጠንና የጀርባ ቀለም ግን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የማሽኑ አያያዝ

ኢንክጄት በአብዛኛው የሚበላሸው በመሥራት ሳይሆን በመቀመጥ ነው። ደረቅ አየርና አቧራ ባለበት አካባቢ ሳይሠራ ወራት የቆየ ማሽን ቀዳዳዎቹ በደረቀ ቀለም ይደፈናሉ። ማጽጃው ትዕዛዝ ብዙ ቀለም ስለሚያፈስ፣ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ሁሉም ቀለም ያለበት ትንሽ ምስል በተራ ወረቀት ማተም ከዚያ ይረክሳል። ማተም ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የቀዳዳ መፈተሻውን በተራ ወረቀት አውጥቶ የተቋረጠ መስመር አለመኖሩን ማየት የፎቶ ወረቀትን ከብክነት ያድናል።

ማሽኑ መጥፋት ያለበት በራሱ ቁልፍ እንጂ ከሶኬት በመንቀል አይደለም። በቁልፉ ሲጠፋ የማተሚያው ራስ ወደ ማረፊያው ተመልሶ ይከደናል፤ በድንገት ኃይል ሲቋረጥ ግን ራሱ ሳይከደን በመንገድ ላይ ይቀራል፣ ቀለሙም ይደርቃል። መብራት በጠፋ ጊዜ ማሽኑን ከሶኬት መንቀል ድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪን ይከላከላል፤ መብራቱ ተመልሶ ሲረጋጋ ወዲያውኑ አብርቶ በቁልፉ ማጥፋት ራሱን ወደ ማረፊያው ይመልሰዋል። ይህ ለሳምንት ሲዘነጋ የማተሚያው ራስ እስከ መቀየር ሊያደርስ ይችላል።

ስያሜ የሌለው ቀለም በርካሽ ይገኛል። ጥሩ የሆኑ አሉ፤ ነገር ግን የአንዱን አምራች ቀለም ከሌላው ጋር በአንድ ታንከር መቀላቀል ዝቃጭ ሊፈጥርና ቀለሙንም ሊያዛባ ስለሚችል መደረግ የለበትም።

ፎቶ ቤት የሚመረጥበት ጊዜ

ከኤ4 የሚበልጥ መጠን፣ በአንድ ጊዜ በርካታ ቅጂ፣ ወይም ለዘመናት እንዲቆይ የሚፈለግ የሠርግ አልበም ከሆነ ፎቶ ቤት የተሻለ ነው። በርካታ የፎቶ ላብራቶሪዎች በብርሃን በሚሠራና በኬሚካል በሚታጠብ እውነተኛ የፎቶግራፍ ወረቀት ስለሚያትሙ ነጠብጣብ የለበትም። ፋይሉ ግን በፍላሽ እንጂ ለፎቶ ቤቱ በቴሌግራም ፎቶ ሆኖ መሄድ የለበትም፤ መቆረጥና ቀለም ማስተካከል ቀድሞ በቤት ከተሠራ አንድ ብቻ በናሙናነት አሳትሞ ማየት ይቻላል።

የታተመው አቀማመጥ

የኢንክጄት ኅትመት ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እርጥበት አለው። ከመስታወት ወይም ከፕላስቲክ ኪስ ጋር ከመገናኘቱ በፊት አንድ ቀን ሳይደራረብ መቆየት አለበት፤ ካልሆነ መስታወቱ በውስጥ በኩል ይደፈርሳል። በክፈፍ ውስጥ ፎቶግራፉ መስታወቱን እንዳይነካ በዙሪያው የካርቶን ጠርዝ ማድረግ ይገባል። በቤት ፕሪንተሮች ላይ የተለመደው የሚሟሟው የዳይ ቀለም በፀሐይና በአየር የሚወይብ ሲሆን፣ በደቃቅ ብናኝ የተሠራው ፒግመንት የተሻለ ይቋቋማል። በየትኛውም ቢሆን ፎቶግራፍ ቀጥተኛ ፀሐይ ከሚያርፍበት ግድግዳና ጭስ ከሚደርስበት ማዕድ ቤት መራቅ አለበት። ገጻቸው ሙጫ ያለባቸውና በፕላስቲክ የሚሸፈኑ አልበሞች ከጊዜ በኋላ ፎቶግራፉን ስለሚያበላሹ ኪስ ያላቸው ይመረጣሉ።

በጀርባው ላይ የሰዎቹን ሙሉ ስም፣ ቦታውንና ቀኑን መጻፍ ያስፈልጋል። የፎቶ ወረቀት ጀርባ በፕላስቲክ የተሸፈነ ከሆነ እርሳስ ስለማይቀበል የማይለቅ ስስ ብዕር ያገለግላል፤ ጽሑፉ ጠርዝ ላይ ሆኖ፣ ብዕሩ ሳይጫን፣ ደርቆ ሳይነካ መደራረብ የለበትም። ስልክ በፋይሉ ውስጥ የሚመዘግበው ቀን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲጻፍ ዓ.ም.፣ እንዳለ ሲቀመጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. የሚለው አብሮት ካልተጻፈ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ አልበሙን የሚከፍት ልጅ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይሠራል።